ጨፌና ወንዝ በየትኛው ደንብ ይጠበቅ? ለቀበሌና ለወረዳ አምስት አማራጮች በንጽጽር

አንድ ቀበሌ ጨፌውን፣ ማለትም ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ ሜዳ፣ ለመጠበቅ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ቅጣት መቁረጥ ነው፤ ከብት ያስገባ ይህን ያህል ብር፣ ያረሰ ይህን ያህል ብር። ቃለ ጉባኤው ይጻፋል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ በሁለተኛው ክረምት ግን ጨፌው በሌላ ጎኑ ይታረሳል። ቅጣቱ አንሶ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከአንድ ወገን፣ ደንቡ የሚይዘው ሌላውን ወገን ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ ለቀበሌ ኮሚቴዎች፣ ለወረዳ የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች እንዲሁም ለተፋሰስ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። በእጃችሁ ያሉት መሣሪያዎች አምስት ናቸው፦ የማኅበረሰብ ውስጠ ደንብ፣ የወል ይዞታ ምዝገባ ከተጠቃሚዎች ማኅበር ጋር፣ ወሰኑ የተለየ ጥብቅ ዳርቻ፣ በክልል ደረጃ የሚቋቋም ጥብቅ ስፍራ፣ በመጨረሻም የውሃ ፈቃድና የብክለት አቤቱታ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ምርጫው የሚጀምረውም ከሕጉ ሳይሆን ከመሬቱ ነው።

መጀመሪያ ጉዳቱን ተከተሉ

አንድ ቀን መድቡና ከጨፌው መውጫ ተነስታችሁ ወደ ላይ ተጓዙ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ እረኞች፣ ደንገል አጫጆችና የድሮውን ወሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አብረው ይሂዱ። ባለሙያ ብቻውን ከሄደ የሚያየው የዛሬውን ብቻ ነው።

መውጫው ላይ ቦረቦር ካለና ራሱ ወደ ጨፌው እየበላ ከገባ እዚያው ቁሙ። የመውጫው ወለል ዝቅ ባለ ቁጥር የጨፌው ውሃ አብሮ ይወርዳል፤ ማንም ሳያርሰው ደንገሉ ጠፍቶ ደረቅ ሜዳ ይሆናል። ይህን ቅጣትም ምዝገባም አያቆመውም። የሚያቆመው በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) የተሠራ ክትር ነው። ክትሩ ከግርጌው ውሃ የሚወድቅበት የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ጫፎቹም በግራና በቀኝ ባለው ደረቅ አፈር ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግቡ። አለዚያ ጎርፉ በጎን ዞሮ ይሄድና ክትሩን ብቻውን ያስቀረዋል። ደንቡ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ቦረቦር ከሌለ ጉዳቱ ከሦስት አቅጣጫ በአንዱ ይገኛል። አንደኛው ከውስጥ ነው፦ የጎረቤት ከብት፣ ያለ ልክ የሚታጨድ ደንገል፣ የምንጭ ዓይን ላይ የሚታጠብ ልብስ። ሁለተኛው ከዳር ነው፦ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ትልም የሚገፋ እርሻ፣ ወይም ራሱ ቀበሌው ለመሬት አልባ ወጣቶች የሚያካፍለው ቁራሽ። ሦስተኛው ከላይ ነው፦ ደለል፣ የእርሻ መድኃኒት፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ወንዙን የሚጠባ ሞተር። የውስጡን ውስጠ ደንብ ይይዘዋል። የዳሩን ያለ ካርታ ማንም አይይዘውም። የላዩን ደግሞ በጨፌው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ብቻቸውን ቢማማሉ አይደርሱበትም።

ወሰኑ የሚለካው በጥቅምት ነው

አምስቱም አማራጮች ጨፌው የት ላይ ያበቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋሉ። ትልቁ ስህተት ልኬታውን በግንቦት ማድረግ ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ባለሙያው ነፃ፣ የበጀት ዓመቱም ሊዘጋ ነውና ወሩ ይመቻል። በግንቦት የተተከለ ችካል ግን ጨፌው ተሸማቆ ባለበት ጊዜ የተተከለ ነው። በክረምቱ ውሃ የሚተኛበት፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ሳሩ የሚለመልምበት ቀለበት በሙሉ ከወሰኑ ውጭ ይቀራል፤ ማረሻ የሚመኘውም ያንኑ ቀለበት ነው። በጣና ዙሪያ ይህ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። የሐይቁ ውሃ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው። በ1995 ውሃው ክፉኛ ወርዶ የጀልባ ጉዞ በተስተጓጎለበት ወቅት የተገለጠው ዳርቻ ወዲያው ታረሰ። ወሰኑ በውሃው ጠርዝ ቢሆን ኖሮ ያ መሬት በዚያ ዓመት ሕጋዊ እርሻ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከፍተኛውን የውሃ ምልክት ይዛችሁ ዙሩ። ጥርጥር ባለበት ቦታ 50 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ካሉበት ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚተኛበት ነው። ዋልካ አፈር ላይ ይህ ምልክት ያታልላል፤ ጥቁረቱ ግራጫውን ይሸፍነዋል። እዚያ የሥሮቹን ዳር ዳር ተመልከቱ፤ ዝገቱ የሚታየው በሥር መንገድ ላይ ነው። ከአፈሩ ጋር ደንገል፣ ፊላና የጨፌ ሳር የሚያበቁበትን መስመር መዝግቡ።

ጂፒኤስ ወይም ስልክ ስትጠቀሙ የመለኪያ ሥርዓቱን ስም ጻፉ። የአገራችን የይዞታ ካርታዎች የሚሠሩት በአዲንዳን ሥርዓት ሲሆን ስልክ የሚሰጠው ቁጥር በዓለም አቀፉ ሥርዓት ነው። ሳይቀየር ካርታው ላይ የተጫነ ነጥብ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። ጨፌው የሰው ማሳ ላይ ወጥቶ የሚታየውና ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማስረጃው ውድቅ የሚሆነው በዚህች ስህተት ነው።

ችካሉ የሚነቀል ከሆነ ሕያው ወሰን ይሻላል፤ በላይኛው ዳር ቬቲቨር ወይም ደሾ ሳር፣ በወንዝ ዳር ዶቅማና ሾላ። ባሕር ዛፍ ግን በፍጹም አይተከል። ቶሎ ስለሚያድግና ገንዘብ ስለሚያመጣ በየስብሰባው አንድ ሰው ያነሳዋል፤ ጥብቅ ቦታውን ከውስጥ የሚያደርቅ ዛፍ ለወሰን መትከል ግን ጠባቂ ብሎ ሌባ መቅጠር ነው።

ውስጠ ደንብ፦ ቅርቡና ርካሹ

ጉዳቱ ከውስጥ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም። በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል፣ ወጪው ወረቀትና የጠባቂ ደመወዝ ነው፣ ዳኛውም ሰፈሩ ነው። በመንዝ ጓሳ የቀሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን ጠብቆ የቆየው በዚህ መንገድ ነበር። ሜዳው አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና በአንድ ቀን ለሁሉም ይከፈታል፤ ያለ ቀኑ የገባውን የራሱ ወገን ይቀጣዋል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሕዝቡ ዘዴውን በሌላ አደረጃጀት መልሶ ለማቆም ሞከረ። በኢሉባቦር ረግረጎችም አባ ለጋ የሚባለው የተመረጠ ሰው ቦይ የሚጠረግበትንና ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን ያስተባብር ነበር። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት ቦታው ሲዘጋ የሚከፈትበት ቀንም አብሮ መታወቁ ነው።

ፈጽሞ የሚከለክል ውስጠ ደንብ አይዘልቅም ማለት ይቻላል። ለከብቱ ሣር፣ ለቤቱ ክዳን፣ ለታንኳው ደንገል ከዚያ የሚያገኝ ሰው ሲከለከል በሌሊት ይመጣል፤ በሌሊት የሚያጭድ ደግሞ መርጦ አያጭድም። ስለዚህ ደንቡን ስትጽፉ ከተፈቀደው ጀምሩ። ጨፌውን ሦስት ቦታ ክፈሉና በየዓመቱ አንዱ ብቻ ይታጨድ። ደንገልና ፊላ ከውሃው ወለል በላይ ይቆረጡ፤ ከውሃ በታች የተቆረጠ ፊላ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ከብት አይግባ፤ ኮቴው አፈሩን ጠቅጥቆ ውሃ የሚሰርግበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከአጨዳው በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ በተራ ሊገባ ይችላል። ከምንጭ ዓይን በ20 ሜትር ዙሪያ ማረስ፣ ማጠብና ከብት ማጠጣት ይቅር፤ የከብቱ ገንዳ ወደ ታች ይሠራ። የመድኃኒት መርጫ ከውሃው 30 ሜትር ርቆ ይታጠብ፣ እጥበቱም መሬት ላይ ይፍሰስ እንጂ ወደ ቦይ አይግባ። እሳት ክልክል ይሁን።

ቅጣቱን ስትወስኑ ከገበያው ጋር አስተያዩት። አንድ ሸክም ሣር ከቅጣቱ በላይ የሚሸጥ ከሆነ ቅጣት አላወጣችሁም፤ የመግቢያ ዋጋ አወጣችሁ። በሌላ በኩል ድሃ ሊከፍለው የማይችለው ቅጣት አይፈጸምም፣ ሽማግሌዎቹም ይራራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሠራም። የሚያዋጣው ደረጃ ያለው አሠራር ነው፦ መጀመሪያ በሁለት ምስክር ፊት ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ቅጣት፣ በሦስተኛው ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት። ማሰር፣ መምታት፣ ከብት ወርሶ ማስቀረት ግን ከውስጠ ደንብ ሥልጣን ውጭ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ የተቀጣው ሰው ከሶ ደንቡን በሙሉ ያስጥለዋል። ስለዚህ ረቂቁ ከመፈረሙ በፊት የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይመልከተው።

ጠባቂው ከቅጣት ገንዘብ እንዳይከፈለው። ኑሮው በቅጣት ላይ ከተመሠረተ ከብቱ እስኪገባ ይጠብቃል እንጂ ከበሩ አይመልስም። ከሚሸጠው ሣር ድርሻ ይሰጠው። ገንዘቡ ተራ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በየሦስት ወሩም በስብሰባ ይነበብ። ብዙ ውስጠ ደንቦች የፈረሱት በጨፌ ጉዳይ ሳይሆን በሒሳብ ጉዳይ ነው።

አባል ማን እንደሆነ ሲወሰን ሁለት ወገን ይረሳል። አንደኛው በዚያ ዓመት መሬት የሚጠብቀው ወጣት ነው። በስብሰባው ካልተቀመጠና ከሣሩ፣ ከንቡ ወይም ከዓሣው ድርሻ ካላገኘ ጨፌውን እንደ ባዶ መሬት ይጠይቀዋል፤ ቀበሌውም ይሰጠዋል። ሁለተኛው በቦታው የማይኖር ተጠቃሚ ነው። በከሚሴ አቅራቢያ ባለው በቦርከና ወንዝ ላይ የሚገኘውን የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮችም ይገለገሉበታል። እነሱ በሌሉበት የተፈረመ ደንብ በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ ሕግ ቢሆንም በበጋ የጠብ ሰነድ ይሆናል። ስብሰባው እነሱ በሚመጡበት ወቅት ይጠራ፣ የመግቢያ መንገዱና ቀኑም ይጻፍ።

ምዝገባና ማኅበር፦ ሊቀ መንበር ሲቀየር የማይቀየር

የውስጠ ደንብ ድክመት በፈረሙት ሰዎች ላይ መንጠልጠሉ ነው። ምዝገባ ይህን ይሞላል። ጨፌው በወል ይዞታ ካርታ ሲወጣለት ወሰኑ በወረዳው መዝገብ ይቀመጣል፣ የሚገፋውም ሰው ከመዝገብ ጋር ይከራከራል እንጂ ከጎረቤቱ ትዝታ ጋር አይደለም። ጉዳቱ ከዳር ለሚመጣባቸው ቀበሌዎች የመጀመሪያው ምርጫ ይህ መሆን አለበት፤ ውስጠ ደንቡ እንኳ ሊከተለው ይችላል።

ሂደቱ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይጀምራል፤ ልኬታ፣ ረቂቅ ካርታ፣ ለሕዝብ እይታ መለጠፍ፣ ማረም፣ ማጽደቅ። የምትተኙበት ሳይሆን የምትነቁበት ጊዜ ረቂቁ የተለጠፈበት ጊዜ ነው። ሁለት ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ ባለይዞታው ማን ተብሎ ተጽፏል? ባዶ የተተወ ወይም በመንግሥት ይዞታነት የተመዘገበ ጨፌ ወደፊት ለባለሀብት ወይም ለድልድል ክፍት ነው። ቀጥሎ የአጠቃቀሙን ዓምድ አንብቡ። ‹ግጦሽ› ከተባለ ነገ ወደ እርሻ ለማዞር የሚቀለው ያ ነው፤ ‹ረግረግ› ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ተቃውሞ ካላችሁ ማስታወቂያው ሳይነሳ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሙ። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ በ2016 በቁጥር 1324 ተሻሽሎ ስለወጣ የወረዳው ባለሙያ የሚሠራበት ቅጽ ከዚህ አዋጅና ከክልሉ ሕግ ጋር የሚሄድ መሆኑን ጠይቁ፤ በየቢሮው የቆዩ ቅጾች አይጠፉም።

ይዞታ ያለ ባለቤት አይከራከርም። በ2012 የወጣው የተፋሰስ አዋጅ ቁጥር 1223 በአንድ ተፋሰስ ያሉ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ያስችላል። መስኖ ካለ ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ማኅበር ባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ይከሳል፣ ይዋዋላል። ውስጠ ደንቡ የማኅበሩ ደንብ አካል ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። የምዝገባው ጉድለት ጊዜ መውሰዱ ነው፤ የወረዳው የመስክ ቡድን ወደ እናንተ ቀበሌ የሚመጣበትን ዓመት አትወስኑም። ስለዚህ ማመልከቻው ከውስጠ ደንቡ ጋር በአንድ ቀን ይግባ።

ጥብቅ ዳርቻ፦ ስፋቱ ላይ አትጣሉ

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል በር ይከፍታል። ይህ አማራጭ ለወንዝና ለሐይቅ ዳር፣ በተለይም ወደ ውሃው ለሚያድግ ከተማ ይሻላል። ለትናንሽ የተበታተኑ ጨፌዎች ግን ከባድ ነው።

በየቦታው ክርክሩ ስንት ሜትር በሚለው ላይ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ዓመት ማባከን አያስፈልግም። ለጥ ባለ መሬት ደለልን ለማስቀረት ጥቅጥቅ ያለ 10 ሜትር የሣር ቀበቶ ብዙ ይሠራል። ቁልቁለቱ ሲጨምር 20ና 30 ሜትር ያስፈልጋል፤ ቤትና ሽንት ቤት ከሆነ ከዚያም በላይ። ሰው እንደ ልቡ የሚረግጠው 50 ሜትር ራቁት አፈር ከ10 ሜትር ሣር ያንሳል። ወሳኙ ከየት እንደሚለካ ነው፤ ሁልጊዜ ከከፍተኛው የውሃ ምልክት።

የሚበላሸው በይዞታ ላይ ነው። ለሁሉም ወንዝ አንድ ወጥ ስፋት በቢሮ ካርታ ላይ ሲሠመር ግማሽ ሄክታር ብቻ ያለው ገበሬ ግማሹን ያጣል። የይዞታ ደብተር ያለው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ይከፈላል፤ ወረዳው ለዚህ በጀት ከሌለው ውሳኔው ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ገበሬውም ከዚያ በኋላ ችካል ባየ ቁጥር ይነቅላል። የተሻለው መንገድ ይዞታውን ለባለቤቱ ትቶ አጠቃቀሙን መለወጥ ነው፦ በቀበቶው ውስጥ ማረሻ አይግባ፣ ሣሩን ግን ባለቤቱ ያጭዳል፣ ፍሬ ዛፉንም ይለቅማል። ስምምነቱ በስሙ ይጻፍ፣ ከደብተሩ ጋር ይያያዝ። ለከብቱ መኖ ያገኘበትን ቀበቶ ሰው ራሱ ይጠብቀዋል።

በክልል ደረጃ የሚቋቋም ጥብቅ ስፍራ

ጓሳ በክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እውቅና አግኝቷል፤ ጣና ደግሞ በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ተብሎ ተመዝግቧል። ትልልቅ ኢንቨስትመንቶችን ለማስቆም፣ ቱሪስት ለመሳብና ድጋፍ ለማግኘት ስሙ ይጠቅማል። ግን የዩኔስኮ ምዝገባ በራሱ ቅጣት የለውም። ማዕከላዊ ቀጣና፣ ከለላና መሸጋገሪያ ብሎ ካርታውን ይከፍላል፣ በየ10 ዓመቱም ይገመገማል፤ ጥሰትን የሚቀጣው የአገሩ ሕግ ነው። በጣና ላይ ከምዝገባው በፊት በ2004 አካባቢ የታየው እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም ከምዝገባውም በኋላ ሲስፋፋ ቆይቷል። ለአንድ ቀበሌ 40 ሄክታር ጨፌ ይህን መንገድ አንመክርም፤ ሰነዱ ሲመላለስ ጨፌው ያልቃል። በርካታ ወረዳዎችን ለሚያካልል ረግረግ ግን ያለ እሱ አይሆንም፤ አንዱ ወረዳ የጠበቀውን ሌላው ያጠነፍፋልና።

ፈቃድና አቤቱታ፦ ጉዳቱ ከላይ ሲመጣ

ከላይ ለሚመጣ ጉዳት ይህ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ሰውም የማያውቀው መብት እዚህ ነው ያለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ። የአካባቢ ተቆጣጣሪም ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ግቢ የመግባት ሥልጣን አለው። ስለዚህ አቤቱታው ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ዋናው ንብረታችሁ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀኑ አይቆጠርለትም።

ማስረጃው የሚወድቀው ናሙናው ከአንድ ቦታ ብቻ ሲወሰድ ነው። በሦስት ቦታ ቅዱ፦ ከፍሳሹ መግቢያ በላይ፣ መግቢያው ላይ፣ ከዚያም ከተቀላቀለ በኋላ ወደ ታች። ከላይ ያለው ንጹሕ መሆኑ ካልታየ ተከሳሹ ውሃው ድሮም እንዲህ ነበር ይላል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሄዱ መቅዳት ይሻላል፤ እግር የሚያነሳው ጭቃ ቀጣዩን ናሙና አያበላሽም። ንጹሕ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጻፉበት፣ በበረዶ ሳጥን በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። የተሟሟ ኦክስጅን ግን መንገድ ላይ ስለሚለወጥ እዚያው በመሣሪያ መለካት አለበት። ከወረዳው ባለሙያ ጋር ብትቀዱ ጥሩ ነው፤ ፊርማው ክርክሩን ያሳጥራል። ብዙ ፍሳሽ በሌሊት ወይም በመጀመሪያው ዝናብ ይለቀቃልና የቀን ጉብኝት ብቻውን አይበቃም።

ሞተርን በተመለከተ አዋጅ 197 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለባሕላዊ መስኖ፣ ለባሕላዊ ከብት እርባታና ለውሃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠይቅም። ሞተር ያለው ሁሉ ባሕላዊ መስኖ ነኝ ሲል ይደመጣል። ቁጥሩን አሳዩት፦ በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር በ8 ሰዓት 288 ሜትር ኪዩብ ያወጣል፤ ባለ 20 ሊትር 14,400 ጀሪካን ማለት ነው። ሃያ ሞተር ሲሰለፍ ትንሽ ወንዝ በየካቲት ይቆማል። የሐሮማያ ሐይቅ የደረቀው በአንድ ትልቅ ጠላት አልነበረም፤ የከተሞች የመጠጥ ውሃ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ ደለልም ተደራርበው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሞተር ከመክሰስ ይልቅ በማኅበር ተራ ማውጣት ይቀድማል፤ የመጠጥ ውሃ በሕጉም ቅድሚያ አለው። ተራውን እምቢ ላለ ትልቅ እርሻ ፈቃዱን እንዲያሳይ በጽሑፍ ጠይቁ።

በየቦታው የሚመረጠው

ጨፌው ገና ያልታረሰና ጎረቤት ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ውስጠ ደንብ ከምዝገባ ማመልከቻ ጋር ይበቃል።

እንደ ፎገራ ሜዳ ሩዝ ከገባበት፣ እንደ ሸሸርና ወለላ ረግረጎቹ ከተጠነፈፉ፣ ዛሬ ሙሉ ክልከላ ማወጅ የሰውን ጉሮሮ መዝጋት ነው፤ አይፈጸምምም። የቀረውን እምብርት በካርታ ለዩና መዝግቡ፣ ከዚያ ዙሪያውን በአንድ ሰብል ብቻ ወስኑ። በዓመት ሁለት ጊዜ ማረስ አፈሩን ዳግም ውሃ እንዳይዝ ያደርገዋል። ቦይ ካለ ከአጨዳ በኋላ በአፈር ይደፈን፣ የጨፌው ራስጌ ሳይነካ ይቆይ፤ የኢሉባቦር ገበሬዎች የቆየ ዘዴ ይኸው ነበር።

እምቦጭ ከገባ የዳርቻ ደንብ ብቻውን ምንም አያደርግም። አረሙን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ይቆያል። ተፋሰሱ ላይ የሣር ቀበቶ፣ ከተማው ላይ አቤቱታ፣ ዳር ላይ አበባ ሳያወጣ መንቀል፤ የተነቀለውም ከከፍተኛው የውሃ ምልክት በላይ ይከመር። ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ የተከመረ እምቦጭ በክረምት ተመልሶ ይገባል።

ማንኛውንም ብትመርጡ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ልክ ያዙ። በምንጩ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ቁጠሩና በደብተር ጻፉ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2 ሊትር ነው። የሚያዝያን ቁጥር ከአምናው ሚያዝያ ጋር አስተያዩ እንጂ ከመስከረም ጋር አይደለም።